ስለ ደብራችን መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ መሻገር

በሰቶ ሰመሮ በደብራችን የኢዮቤልዩ ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ደብራችን ታሪክ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ ታሪኩን ከእኔ ይልቅ አባቶች ስለሚያውቁት፥ እኔ በእጄ ስላለው ስለ መዝገቡ ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ፈቃድ ለመንሁ፤ እነርሱም ፈቀዱልኝ። አንዳንዶቻችሁ ‹በበዓል ቀን ስለ መዝገብና ስለ ኮምፒዩተር መናገር ምን ይጠቅማል፤ ይህስ የጽሕፈት ቤት ነገር አይደለምን› ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ኢዮቤልዩ የምንለውን በዓል በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራ ብናስተውለው፥ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ሃምሳኛው ዓመት ነው። ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አባቱም ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ሊኖር ግድ ነው። የሚያውቅ ሽማግሌ ሲሞት የሚያውቅ መዝገብ ሊተካው ይገባል። መዝገብ በሌለበት አገር ኢዮቤልዩ ቢታወጅ፥ ርስቱን የሚያገኘው ጉልበተኛው ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ በፊታችሁ ልናገረው የሚገባኝ በደል አለብኝ፤ እርሱን በስፍራው እነግራችኋለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን መዝገብ መያዝን ትናንት የተማረች አይደለችም። ቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ለገዳም ወይም ለደብር መሬት ሲሰጡ፥ የስጦታው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለው ወንጌል በብዙ ቦታ ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። ወንጌልን የሚቀድድ እጅ አይገኝምና፥ ርስቱም ምስክሩም ከወንጌሉ ጋር አብሮ ይጠበቅ ነበር። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ወንጌል ከዛጔ ነገሥታት ከላሊበላ ዘመን ጀምሮ እንደዚህ ያለ የርስት ጽሑፍ ይዞ መገኘቱ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። መጽሐፉም ቆዳ በሆነ ማኅደር ተከትቶ በችንካር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሰነድ መያዣውን ማኅደር የምንለው ከዚያው ከቆዳው ማኅደር ወስደን ነው። እንግዲህ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውንም መያዣ ማኅደር ብንለው ከአባቶች ቋንቋ አልወጣንም።

ብራናው ባረጀ ጊዜ ቁም ጸሐፊው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል። የሥራው ግማሽ ግን መጻፍ አይደለም። ከተጻፈ በኋላ አንዱ አሮጌውን ሲያነብ ሌላው በአዲሱ ላይ በዓይኑ እየተከተለ ማስተያየትና ማረም ነው። በብራና መጻሕፍት መስመር መካከል በጥቃቅን ፊደል የገባ ቃል ብታዩ፥ ያ ቃል በመጀመሪያው ጽሕፈት ታልፎ በእርማት ጊዜ የተገኘ ነው። እኔ በሕፃንነቴ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሳይ ‹ይህ ጸሐፊ ሰነፍ ነበረ› እል ነበር፤ ዛሬ ግን የተመረመረ መጽሐፍ መሆኑን የሚያስታውቀኝ እርሱ ነው። ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን ክርታስ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜ፥ ባሮክ ከነቢዩ አፍ ሰምቶ እንደ ገና ጻፈው። የእኛ መዝገብ ቢጠፋ ግን እንደ ገና ቃል በቃል የሚነግረን ነቢይ የለንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጽሕፈት ቤት ልመለስ። በደብራችን የጥምቀተ ክርስትናው፥ የተክሊሉና የሥርዓተ ቀብሩ መዝገብ መጀመሪያ በእጅ በደብተር ይጻፍ ነበር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም በሣጥን የተቀመጠ ልብስ እንኳ ይሻግታል። ደብተሮቹም እየሻገቱ ቅጠላቸው ከቅጠል ተጣበቀ፤ የቀረውንም ምስጥ አገኘው። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ኮምፒዩተር በምጽዋት ተገኝቶ፥ መዝገብ የሚይዝበት ሶፍትዌር ተሠራለትና፥ ዲያቆናት በሁለት ክረምት ሊነበብ የሚቻለውን ሁሉ አስገቡበት። ከዚያም በኋላ የተጠመቀው ሕፃን ሁሉ የተጻፈው በእርሱ ላይ ብቻ ነው። ደብተሮቹ ከፊላቸው ዛሬ የሉም።

ይህ ኮምፒዩተር ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ያልተገናኘ፥ እንደ ባሕታዊ በአንድ ክፍል ብቻውን የተቀመጠ ነው። ብቸኝነቱ አንድ ጥቅም ሰጥቶታል፤ ሌላውን ሁሉ የመታው የኮምፒዩተር ቫይረስ እርሱን አላገኘውም። ጉዳቱ ደግሞ፥ በውስጡ ያለው ነገር በሌላ ስፍራ በማንም ዘንድ አልነበረም። መዝገቡ የሚወጣበት በር ፍሎፒ ዲስክ ነው፤ አንዱ ፍሎፒም የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች የፍሎፒ ማስገቢያ የላቸውም፤ አሮጌውም በኪሳችን የምንይዘውን ፍላሽ አያውቀውም። ሁለቱ አንድ ቋንቋ እንደማያውቁ ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አሮጌው መብራት በጠፋና በመጣ ቍጥር አልነሣ እያለ ስላስፈራን፥ አዲስ ኮምፒዩተር ተገዝቶ መዝገቡን ወደዚያ የሚያሻግር ባለሙያ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን የወጣው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት፥ ማንም ሊያነበው የማይቻል ነበር። ምክንያቱን ባለሙያው እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው፤ በቀድሞው አሠራር ለፊደል የተሰጡት ቍጥሮች ከ256 አያልፉም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹን፥ የግዕዙን አኃዝና ነጥቦቹን ብትጨምሩበት ከዚያ ልክ ያልፋል። አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የታገሉት ከዚሁ ከፊደላችን ብዛት ጋር ነበር። ስለዚህ የቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ እየተዋሱ፥ አንዱንም ፊደል ከሁለት ቍራጭ እየገጣጠሙ፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ አኖሩት። አንዱ ‹መ› ብሎ ያኖረበትን ቍጥር ሌላው ሌላ ፊደል አኖረበት። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ሁሉ ፍቺ የሌለው ሆኖ ይቀራል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓመት ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል ቍጥር ሥርዓት በ3ኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ‹ሀ› 4608፥ ‹ለ› 4616፥ ‹ሐ› 4624 ሆኖ በአዲስ አበባም በለንደንም አንድ ነው። ባለሙያው የአሮጌውን ቍጥር ወደዚህ የሚመልስ መሣሪያ አዘጋጅቶ በሦስተኛው ቀን ስሞቹ በአማርኛ ታዩ። እልል አልን። ዲያቆናቱ የየራሳቸውን ስም እየፈለጉ አገኙ። እኔም ሥራው አለቀ ብዬ ፈረምሁ፤ አሮጌውንም ኮምፒዩተር በደወሉ ቤት ሥር አስቀመጥሁት፤ ቆራሌውም መጥቶ ዋጋ ጠየቀበት።

በደሌ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያውን አልወቅስም፤ ሥራውን መርምሮ መቀበል የእኔ ድርሻ ነበረና።

ከብዙ ወራት በኋላ ከሰቃ በኩል አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው በባሕር ማዶ ይኖራል፤ በዚያ ባለች ቤተ ክርስቲያናችን በተክሊል ሊያገባ ስለ ሆነ የጥምቀት ወረቀቱን ጠይቀውታል። ስሙን፥ የክርስትና ስሙን፥ የአባቱንም ስም ፈለግሁ፤ የለም። ‹እናቴ፥ በመዝገባችን የለም፤ ምናልባት በሌላ ደብር ተጠምቆ ይሆናል› አልኋቸው። እርሳቸውም ‹ልጄ፥ የክርስትና አባቱ እዚሁ ግቢ ተቀብሮ የለምን? ዝናብ እየዘነበ በሩፋኤል ዕለት ነው ያስጠመቅሁት። የልጄን ክርስትና ካድህብኝ› ብለው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ‹በሩፋኤል ዕለት› ያሉት ቃል አልለቀቀኝም፤ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ጳጉሜን 3 ቀን ነውና። በማለዳ ሄጄ ስም መፈለጉን ትቼ፥ በጳጉሜን የተጠመቀውን ሁሉ አሳየኝ ብዬ አዲሱን ኮምፒዩተር ጠየቅሁት። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ስንኳ አልነበረም። በዚህ አገር በጳጉሜን ሕፃን አይጠመቅምን? አሮጌውን ከደወሉ ቤት ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ አበራሁት፤ ሁለት ጊዜ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ተነሣ። ልጁ ከነክርስትና አባቱ ስም በዚያ ተጽፎ ነበር፤ ሌሎቹም የጳጉሜን ልጆች ሁሉ በዚያ ነበሩ።

የጠፉበት ምክንያት ይህ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር የተሠራው በፈረንጅ ወር ልክ ስለ ሆነ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ስለዚህ የጳጉሜንን ልጆች ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ብሎ ጣላቸው። በዚህም አላበቃም። ጥቅምት በእኛ 2ኛ ወር ነው፤ በእርሱ ዘንድ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪም 30 ቀን የለውም። እንግዲህ በጥቅምት 30 የተጠመቁት ሁሉ ወደቁ፤ በጥቅምት 29 የተጠመቁት ደግሞ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተረፉ። የተረፉትም ቢሆኑ በትክክል አልገቡም፤ መስከረም 17 ቀን የነበረው ጃንዋሪ 17 ሆኖ ነው የተቀመጠው። ቍጥሩ 17 እና 1 ሆኖ ሲታይ ከአሮጌው ጋር አንድ ስለሚመስል ማንም አላስተዋለም።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ፥ ሶፍትዌሩ የጣላቸውን ስሞች በሙሉ በአንድ ትንሽ ማኅደር ዘርዝሮ ጽፎ ማስቀመጡ ነው። ያ ማኅደር በዓይኔ ፊት ነበር፤ እኔ ግን አልከፈትሁትም።

ወረቀቱን ጽፌ በእጄ ወደ ሰቃ ወሰድሁላቸው። እናቲቱ ተቀብለው ‹እግዚአብሔር ይስጥህ› አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ነገር ግን የልጁ ተክሊል የታሰበበት ቀን አልፎ፥ ጾሙ ገብቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለውን ሥራ ሌሎች እንደ ምን እንደ ሠሩት ለማወቅ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የብራና መጻሕፍቶቻችን ወደ ማይክሮፊልም መሻገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓመት፥ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክነት ዘመን፥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ፥ በኮሌጅቪል ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በሥራው ተባበሩ። በየደብሩና በየገዳሙ ያለው መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ፎቶግራፍ እየተነሣ፥ ፊልሙ በአዲስ አበባና በኮሌጅቪል በሁለት ስፍራ ይቀመጥ ነበር። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን በችግር መካከል ቀጥሎ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። እንደምታውቁት ከዚያ ወዲህ በጦርነት፥ በእሳትና በሌባ ከስፍራቸው የጠፉ መጻሕፍት አሉ።

ፎቶግራፍ ማንሣቱ ግን ሥራውን አልፈጸመውም። በፊልሙ ላይ ያለው ምን እንደ ሆነ አንብቦ የሚናገር ያስፈልግ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በቤታቸው ሳሉ በጥይት ተመትተው እግራቸው ከሰለለ በኋላ፥ ወደ ሚኔሶታ ሄደው ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ አዋሉት። ከዶክተር ዊልያም ማኮምበር ጋር የተዘጋጀው ዝርዝር በ10 ቅጽ ታትሞ የመጀመሪያዎቹን 5000 መጻሕፍት ይገልጣል። ጌታቸው በ2021 አረፉ። እኔ በስም ባላውቃቸውም፥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያን ሁሉ ፊልም ያነበቡትን ሰው ባሰብሁ ጊዜ፥ ያች ያልከፈትኋት ትንሽ ማኅደር ትዝ ትለኛለች።

በዚህ ሥራ አንድ ትንሽ የምትመስል ብልሃት አለች። እያንዳንዱ መጽሐፍ ፎቶግራፍ ሲነሣ አንድ ቍጥር ተሰጠው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያበረከቱት ወንጌል ቍጥሩ 1832 ነው። በፊልሙ ላይ 1832 ነው፤ በታተመው ዝርዝር 1832 ነው፤ ፊልሙ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሮ በዓለም ዙሪያ በሚነበብበት ጊዜም 1832 ነው። ዕቃው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ስሙ አልተለወጠም። እኛ ግን በመጀመሪያው መሻገር የደብተሩን የጥንት ቍጥር ‹ምን ያደርግልናል› ብለን ጥለን አዲስ ቍጥር ከ1 ጀመርን፤ ስለዚህ በምእመናን እጅ ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቍጥር ወደ ምንም የማይመራ ሆነ።

ስለ ክብረ በዓል ከተነገረ፥ ከእንግሊዝ አገርም አንድ ነገር ላምጣ። ንጉሥ ዊልያም በ1086 የአገሩን መሬትና ባለ መሬት ሁሉ ያስጻፈበት ዱምስዴይ የሚባል መጽሐፍ አለ። 900ኛ ዓመቱ በ1986 ሲከበር፥ ቢቢሲ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የተባበረበትን አዲስ የአገር መዝገብ አዘጋጅቶ በሁለት ታላላቅ የሌዘር ዲስኮች ላይ አኖረው። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ዲስኮቹን የሚያነብ ኮምፒዩተር ብርቅ ሆነ፤ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሮጌውን ኮምፒዩተር የሚመስል ሶፍትዌር በአዲሱ ውስጥ ሠርተው በ2002 በጭንቅ አነበቡት። የ1086ቱ ብራና ግን ዛሬም በለንደን በኪው ይነበባል። ይህን የምናገረው ኮምፒዩተርን ለመንቀፍ አይደለም፤ በወረቀት መዝገባችን ላይ ምስጡ የሠራውን አይቻለሁና።

በውነቱ ለዚህ ነገር ከፈረንጅ አገር ይልቅ የእኛው የቡና አገር ምሳሌ የተሻለ ያስረዳኛል። የጤፍን ዘር አድርቃችሁ በጎተራ ብታኖሩት ዓመታት ይቆያል። የቡና ዘር ግን እንዲህ አይደለም፤ እርጥበቱ በደረቀ መጠን የመብቀል ኃይሉ በወራት ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ በአጋሮ አጠገብ በጮጬ፥ በጅማም የእርሻ ምርምር በመልኮ፥ ከየጫካው የተሰበሰበው የቡና ዘር የሚጠበቀው በሕይወት ባለ ዛፍ ነው፤ ዛፉም ሲያረጅ ልጁ በቦታው ይተከላል፤ ከየት እንደ መጣ የሚያስታውቀው ቍጥር ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ቍጥሩ የጠፋበት ዛፍ ቡና ማፍራቱን አይተውም፤ ግን ከየትኛው ጫካ እንደ መጣ ማንም አያውቅለትም። በኮምፒዩተር ያለ መዝገብም እንደ ቡና ዘር ነው። በተተወበት ስፍራ አይቆይም፤ በየጊዜው እንደ ገና መተከል አለበት።

አሁን የሰበካ ጉባኤው ፈቅዶ ሥራውን እንደ ገና ጀምረነዋል። መጀመሪያ የአሮጌውን ሀርድ ዲስክ አውጥተን፥ ባዶው ቦታ እንኳ ሳይቀር፥ እንዳለ ወደ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ገለበጥነው፤ ይህ ሳይፈጸም በአሮጌው ላይ አንዲት ፊደል እንዳይነካ ተከለከለ። ቀጥሎም እንግሊዞቹ እንዳደረጉት፥ አሮጌውን የሚመስል ኮምፒዩተር በአዲሱ ውስጥ ተሠራና የቀድሞው ሶፍትዌር በዚያ ላይ ተከፈተ። ከዚያ የሚወጣው መዝገብ ቀኑን በእኛ በ13ቱ ወር እንዲይዝ፥ የደብተሩን የጥንት ቍጥር ከአዲሱ ጐን እንዲያኖር ሆነ። ከወጣ በኋላ የየዓመቱና የየወሩ ቍጥር ከአሮጌው ጋር ይቈጠራል፤ ካልገጠመ ይመለሳል። ከዚያም በኋላ ሁለት ዲያቆናት ማታ ማታ ተቀምጠው፥ አንዱ አሮጌውን እያነበበ ሌላው በአዲሱ ይከተላል። ሻይና ቆሎ የሚያቀርቡላቸውን እናቶች እግዚአብሔር ይባርክ፤ አንድ ማታ ቡናው ባይቀርብ ንባቡ ከአንድ ዓመት መዝገብ አያልፍም ነበር።

በዚህ ንባብ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ ወጣ። ‹ኃይለ› የሚለውን ስም አንዱ በ‹ኃ›፥ ሌላው በ‹ሀ›፥ ሦስተኛው በ‹ሐ› ጽፎታል፤ ‹ሥላሴ›ን አንዱ በንጉሡ ‹ሠ› ሌላው በእሳቱ ‹ሰ›። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ቍጥራቸው የተለያየ ስለ ሆነ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ወንድም ‹ሁሉን ወደ አንድ አጻጻፍ እንመልሰው› አለ። መሪጌታ ግን ‹በመዝገብ የተጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፤ ፍለጋው ብቻ ሞክሼዎቹን ፊደሎች አንድ አድርጎ ይፈልግ› ብለው ፈረዱ፤ ፍርዳቸውም ተፈጸመ። ወለተ ማርያም የሚለው የክርስትና ስም ደግሞ ብዙ ስለ ሆነ፥ ያለ ክርስትና እናቷ ስምና ያለ ቀኗ አንዷን ከሌላዋ ለመለየት አይቻልም፤ ስለዚህ እኒህ ሁለቱ ከእንግዲህ እንዳይዘለሉ ደንብ ተደረገ።

በጉባኤው ሁለት ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንደኛው ‹መዝገቡ በኢንተርኔት ይውጣ፤ በባሕር ማዶ ያለው ልጃችን ከዚያው ያግኘው› የሚል ነው። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልተስማማሁም። በመዝገባችን አባታቸው ያልተጻፈ ልጆች አሉ፤ የፈረሰ ጋብቻ አለ፤ በችግር ጊዜ በደብሩ ወጪ የተቀበሩ አሉ። ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚነበብ አይደለም። አዲሱም ኮምፒዩተር እንደ አሮጌው ባሕታዊ ሆኖ ይኑር፤ ነገር ግን ግልባጩ ታትሞና ታሽጎ በሌላ ስፍራ፥ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ ብለን ተስማምተናል። ሁለተኛው ክርክር አሮጌውን ኮምፒዩተር ስለ መሸጥ ነው። ዋጋው ለአንድ ጧፍ እንኳ አይበቃም፤ ንባቡ እስኪፈጸም ግን ከደብሩ ግቢ አይወጣም። ከደወሉ ቤት ሥር አንሥተን በጽሕፈት ቤቱ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኑረነዋል። ግልባጩ በወረቀትም ተጠርዞ ሊቀመጥ ታስቧል፤ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ወረቀትና የምስጥ መከላከያ ያለው ሣጥን ገና አልተገኘም።

የጥምቀቱ መዝገብ ንባብ ተፈጽሟል፤ የተክሊሉ በመጀመር ላይ ነው፤ የቀብሩ ገና ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በእነዚያ ዓመታት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተው ‹በመዝገብ የለም› ብዬ የመለስኋቸው ሰዎች እናቲቱ ብቻ እንዳልነበሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሰጠኋቸውን እንቢታ በምንም አልጻፍሁምና ማን ማን እንደ ሆኑ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሰቃም ሆነ በማና ያለ ወገናችሁ በደብራችን እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ቢኖር፥ እንደ ገና እንዲመጣ ንገሩልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ማታ ክፍት ነው። የድሮ የጥምቀት ወረቀት በሣጥኑ ያለውም ይዞ ይምጣ፤ ቍጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተን በዚያው ቀን እንመልስለታለን። በጳጉሜንና በጥቅምት መጨረሻ የተጠመቁትን በተለይ እንጠብቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።